የሽብሩ ስም ጥሪ

ሽብሩ ጂኦግራፊ ማስተማር ካቆመ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከቅዱስ አልፎንሶ የወንዶች ትምህርት ቤት ግን አንድ ሥራ አልለቀቀም። የሞቱትን ስም የሚጠራው እሱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠርቷል። ለዚህ ሥራ የሚቀናቀነው ሰው አልመጣበትም፤ ቢመጣበትም መዝገቡን ከሚሰጥ ጥርሱን ነቅሎ ቢያውስ ይመርጥ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ነቀምቴ ላይ ከተከፈተ ስድሳ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የመሠረቱት አባ ሊዮናርዶ የሚባሉ የባሕር ማዶ ቄስ ናቸው። ሲመጡ አማርኛም ኦሮምኛም አያውቁም ነበር፤ ሲሞቱ በሁለቱም አጥርተው ይቆጡ ነበር ይባላል። እኚህ ሰው ከሂሳቡም ከጸሎቱም ይልቅ የሚያስጨንቃቸው ዴስክ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ከማያውቀው ልጅ ጋር ይቀመጣል፤ ቤቱ ኦሮምኛ የሚናገረው አማርኛ ከሚናገረው፣ የመካነ ኢየሱሱ ከኦርቶዶክሱ፣ የከተማው ከገጠሩ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ዴስክ አይቀየርም። ቢጣሉም አይቀየርም። እንዲያውም የተጣሉ እንደሆነ ቄሱ ዴስኩን ወደ ፊት ያስጎትቱት ነበር፣ ጠባቸውን ክፍሉ ሁሉ እንዲያይላቸው።

በዚህ መንገድ አንድ ዴስክ የተጋሩ ሁለት ልጆች የዴስክ ወንድማማች ይባላሉ፤ ስሙም እስከ ሽበት አብሯቸው ይኖራል። ጠዋት ስም ሲጠራ ያለ ልጅ «አለሁ» ይላል። ዝም የተባለ እንደሆነ መምህሩ ቀሪ ብሎ አይጽፍም፤ መጀመሪያ የዴስክ ወንድሙን ያያል። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ቅዳሜ፣ የድሮ ተማሪዎች ሁሉ ይሰበሰቡና በዓመቱ ውስጥ መሞታቸው የታወቀ ሰዎች ስም ይጠራል። የሟች የዴስክ ወንድም ብድግ ይልና «ቀደመን» ይላል። ስም ጠሪው «ተቀመጥ» ይለዋል። በቃ። ንግግር የለም፣ ግጥም የለም፣ የአበባ ጉንጉን የለም። የሟች እናቶችና ሚስቶች አዳራሽ አይገቡም፤ በረንዳው ላይ አግዳሚ ተዘርግቶላቸው በመስኮት ያዳምጣሉ። ለምን እንደማይገቡ የሚያውቅ ሰው የለም፤ የጠየቀም የለም። ሞኝ ልማድ ከብልህ ልማድ ይልቅ ዕድሜው ይረዝማል።

በደርግ ጊዜ አንድ ካድሬ የሙታን ጥሪ አድኃሪ ነው ብሎ ከልክሎ ነበር። የዚያን ዓመት መምህራኑ ሰውን በሙሉ ለመንገድ ጠረጋ ዘመቻ ጠሩና አካፋ አስይዘው ሜዳ ላይ አሰለፉት፤ ከዚያ ስም ጠሩ። ካድሬው የዘመቻውን ሥነ ሥርዓት አድንቆ አጨበጨበ ይላሉ። ቅዱስ አልፎንሶ እንዲህ ነው። ግድግዳው ይፈርሳል፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ስም ጥሪው ግን ተዘሎ አያውቅም።

ስህተት የተሠራው አንዴ ብቻ ነው። ከሽብሩ በፊት የነበረው ስም ጠሪ የገበያ ወሬ ይዞ ደምቢዶሎ የሚኖር አንድ ነጋዴን ጠራ። ነጋዴው በዓመቱ አዲስ ካፖርት ደርቦ መጣና ከበሩ ላይ «አለሁ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ስም ጠሪው ግን በዚያው ቀን መዝገቡን አስረከበ። ሽብሩ ሲረከብ ደንብ አወጣ፤ የዴስክ ወንድም በጽሑፍ ያመለክታል፣ በዓይኑ ያየ ሰው ይጠየቃል፣ ያለዚያ ማንም አይጠራም። አንድ ስም ለማጣራት ቤጊ ድረስ ሄዶ ሦስት ቀን በዝናብ የታገተበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በከተማው ሽብሩ የጠራው ሰው ሞቷል፤ ሽብሩ ያልጠራው ገና ነው።

ይህን ሁሉ መናገሬ ስለ ራጉኤል ለመናገር ነው።

ራጉኤል የሽብሩና የሸዋጌጥ የመጀመሪያ ልጅ ነው። ከቅዱስ አልፎንሶ በ2006 ዓመተ ምሕረት ጨርሶ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሆነና መንዲ አካባቢ ጤና ጣቢያ ተመደበ። የዛሬ አራት ዓመት፣ መንገዱ በሚከፈትበትና በሚዘጋበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ለእረፍት ወደ ቤት ሲመጣ የተሳፈረበትን ሚኒባስ የታጠቁ ሰዎች አስቆሙት። ከተሳፋሪዎቹ አንዳንዶቹ በሳምንት፣ አንዳንዶቹ በወር ተመለሱ። ራጉኤል አልተመለሰም። ሞተ ያለ የለም፣ አለ ያለም የለም።

ጨለለቂ ሰፈር ያለው ቤታቸው ከዚያ ወዲህ እንደቆመ ሰዓት ነው። ሸዋጌጥ ጠዋት ጠዋት የልጇን ቁጥር ትደውላለች፤ ሴትዮዋ ደንበኛውን ማግኘት አልተቻለም ስትላት «እሺ» ብላ ትዘጋለች። ታናሽየዋ እምነት ቀለበት ካሰረች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ወንድሟ የት እንዳለ ሳይታወቅ ማን ሰርግ ይደግሳል? ለቅሶም አይቀመጡም፣ ሰርግም አይደግሱም። ሽብሩ ደግሞ ደነዘዘ። ይበላል፣ ይተኛል፣ ጊዮርጊስ ያስቀድሳል፣ ሰው ሲቀልድ በሰዓቱ ይስቃል። አንድ ጊዜ አላለቀሰም። የእድሩ ሰዎች «ሽብሩ ብረት ነው» ይላሉ። ብረት አልነበረም። እግሩ የደነዘዘ ሰው ፍም ቢረግጥም አይነቃም፤ እንደዚያ ነበር።

ከስም ጥሪው በፊት ባለው ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ጋሮማ መጣ። ጋሮማ የራጉኤል የዴስክ ወንድም ነው፤ ዲጋ ከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሠራል። ሸዋጌጥ በረንዳ ላይ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅም ነበር።

«አካም ጅርቱ፣ ጋሼ? አዮ፣ ነጉማ?»

«ነጉማ ልጄ፣ ና ግባ። ከሳህ እኮ» አለች ሸዋጌጥ።

አልገባም፤ አልተቀመጠምም። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ በሁለት እጁ ለሽብሩ ሰጠው። «በአፌ አልችልም ጋሼ። ጽፌ አመጣሁት» አለ።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ ንጋት ላይ፣ ሽማግሌ ተጠርቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ ነው። ጋሮማ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ያደረገው ትምህርት ቤቱ ያስተማረውን ነው፤ የዴስክ ወንድም መጀመሪያ ለስም ጠሪው ያመለክታል። ስም ጠሪው የሟች አባት ሲሆን ምን እንደሚደረግ አባ ሊዮናርዶ ጽፈው አልተዉም።

ሽብሩ መነጽሩን አደረገና እንደማንኛውም ማመልከቻ አነበበው። ስም፣ ራጉኤል ሽብሩ። የጨረሰበት ዓመት፣ 2006። በዓይኑ ያየ ሰው፣ ጉሉማ። ፊርማ። ቀኑ አልተጻፈም። «ቀን ረስተሃል» አለው።

ጋሮማ ከፊርማው ሥር ቀኑን ጻፈ። ሸዋጌጥ ሰፌዱን መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ወረቀቱን ከባሏ እጅ ወስዳ ራሷ አነበበች።

«ጉሉማ ማነው?»

«ሹፌሩ ነው፣ አዮ። ያን ቀን ሚኒባሱን የነዳው።»

«እስከ ዛሬ የት ነበረ?»

«ፈርቶ ነበር። ያየሁትን ሹፌር ሁሉ ስጠይቅ አራት ዓመቴ፤ እሱም ሰምቶኝ ይሸሸኝ ነበር። ባለፈው ገበያ ቀን ራሱ መጥቶ እጄን ያዘኝ። ሲቀብሩት ነበርኩ አለኝ። ማል ጎና፣ አዮ... ምን ላድርግ?»

ሸዋጌጥ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችለት። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«የፈራ ሰው ያየውንና ያላየውን አይለይም። እኔ የሹፌር መርዶ አልቀበልም። የደምቢዶሎውንስ ነጋዴ ሞተ ብለውት አልነበረ?» ከዚያ ወደ ሽብሩ ዞረች። «አንተ ግን በሠላሳ ዓመት አንድ የሐሰት ስም አልጠራህም። ሄደህ አጣራ። ቅዳሜ በረንዳው ላይ እቀመጣለሁ። ከጠራኸው አምኜ አለቅሳለሁ፣ ድንኳኑም ይተከላል። ካልጠራኸው ልጄ አለ ማለት ነው። እስከዚያ አንድ ቃል እንዳትነግረኝ፣ አንተም ጋሮማ እንዳትነግረኝ።»

«እሺ» አለ ሽብሩ። ጋሮማ ሲወጣ ሰፌዱን አነሳና ምስሩን ከቆመበት ቀጠለ። ጠጠር ካገኘ ወደ ጎን፣ እንክርዳድ ካገኘ ወደ ጎን። ሰፌዱን ሲጨርስ አንድም ጠጠር አላመለጠውም ነበር።

ሐሙስ ዕለት ባጃጅ ይዞ መናኸሪያ ወረደ። ጉሉማ ጋሮማ አጠገብ ቆሞ ጠበቀው፤ ወፍራም ሰው ነው፣ ኮፍያውን በእጁ ይጨማድዳል። ሽብሩ ለማንም የሚጠይቃቸውን ሦስት ጥያቄዎች ጠየቀው። መቼ? የት? በዓይንህ ነው?

ሹፌሩ መለሰ። በሦስተኛው ጥያቄ ላይ እንባው ቀደመው። «ኦቦ ሽብሩ፣ ይቅር ይበሉኝ። በዓይኔ ነው። ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር እኔም አፈር መልሻለሁ። ከሾላው ሥር ነው፤ መንገዱ ሲከፈት ወስጄ አሳይዎታለሁ። ‹አባቴ ይጠብቀኛል› ነበር የሚለው።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ ሽብሩ። መልሱን በማስታወሻው ላይ ጻፈ፣ አስፈረመው፣ እጁን ጨበጠው። ወደ ቤት ሲመለስ መንገድ ላይ ቲማቲም ገዛ፤ ሻጭዋን በኦሮምኛ ተከራክሮ አንድ አስጨመራት። እንዲህ ያለ ቀን ላይ ስለ ቲማቲም መከራከሩ ራሱን ትንሽ ገረመው። ግን ገረመው እንጂ አልከፋውም።

አርብ መዝገቡን ከፈተ። በዚያ ዓመት ስምንት ስሞች ነበሩ፤ በጨረሱበት ዓመት ቅደም ተከተል የራጉኤል ስድስተኛ ላይ ወደቀ። በዚያ በሚታወቅበት ውብ ጽሕፈቱ ጻፈው። ርዕሰ መምህሩ አባ ነብዩ ቢሮው ድረስ መጡና በሩ ላይ ቆሙ።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ዘንድሮ እኔ ልጥራ። ማንም አይወቅስዎትም።»

«አባ፣ ስም ነው እኮ። እንደሌላው ስም ነው» አላቸው።

የምሩን ነበር። ሁለት መቶ ምናምን ስም ጠርቷል፤ ከነዚያ ውስጥ ያስተማራቸው፣ አብሯቸው የበላ፣ በሰርጋቸው የጨፈረላቸው ነበሩ። አንድም ቀን ድምፁ አልተሰበረም። ይህንንም ይጠራዋል፤ ጋሮማ «ቀደመን» ይላል፤ እሱ «ተቀመጥ» ይላል፤ ሸዋጌጥ ታለቅሳለች፤ የእድሩ ድንኳን ይተከላል፤ እምነትም በዓመቱ ትዳራለች። ሁሉም በየመልኩ ይሄዳል። ከዚህ ውስጥ እሱ ምን እንደሚሆን አላሰበም፤ ለራሱ ያሰበው ቦታ አልነበረም።

ቅዳሜ ሸዋጌጥ ጥቁርም ነጭም አልለበሰችም። ቡናማ ሹራብ አድርጋ፣ ነጠላዋን ጨብጣ ይዛ፣ ከእምነት ጋር በረንዳው ላይ ካሉት ሴቶች መካከል ተቀመጠች። ሴቶቹ ለምን እንደመጣች ያውቃሉ፤ ነቀምቴ ውስጥ ምን ይደበቃል? ማንም ግን «እግዜር ያጥናሽ» ለማለት አልደፈረም። ገና አልተጠራማ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የጠረጴዛው እግር ስለሚወዛወዝ አንድ ሰው ካርቶን አጥፎ ሥሩ ሸጎጠበት። ሽብሩ መዝገቡን ዘረጋ፣ ቀይ ብዕሩን ከፈተ። ልማዱ ነው፤ ስሙን ይጠራል፣ «ተቀመጥ» ይላል፣ ከጎኑ ትንሽ ቀይ ምልክት ያደርጋል፣ ያልፋል።

«ተስፋዬ ገመቹ።»

አንድ ሽማግሌ በከዘራው ተደግፎ ተነሳ። «ቀደመን።»

«ተቀመጥ።»

ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው ተጠሩ። አራተኛው የዴስክ ወንድሙም ሞቶ ስለነበር የዚያ ዓመት ጓደኞቹ በሙሉ ተነስተው በአንድ ድምፅ መለሱለት። አምስተኛው ተጠራ። በረንዳው ላይ አንዲት ሴት አለቀሰች፤ ሌሎቹ አጽናኗት። ሽብሩ ስድስተኛው ላይ ደረሰ። ስሙን አየው፣ ጽሕፈቱ አምሮ ታየው፣ ከጎኑ ቀይ ምልክት አደረገ፣ አለፈ። ሰባተኛውን ጠራ፤ «ቀደመን» ተባለ። ስምንተኛውንም ጠራ። አባ ነብዩን ምን እንዳስፈራቸው እንጃ፣ ቀላል ነበር ብሎ በልቡ አሰበ። መዝገቡን ዘጋ።

«የዘንድሮው ጥሪ አበቃ» አለ።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከበረንዳው እልልታ ተሰማ።

ሽብሩ ተቆጣ። በሙታን ቀን እልል የምትል ምን ያለች ናት? ከዚያ ድምፁን ለየው። ይህን እልልታ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማው ራጉኤል ጋውን ለብሶ ዲፕሎማውን የተቀበለ ቀን ነበር። «ተመስገን! አንተ የማታሳፍር አምላክ፣ ተመስገን! ልጄ አለ! እምነት፣ ወንድምሽ አለ!» ትላለች ሸዋጌጥ፤ ደግሞ እልል ትላለች።

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ከመካከል አንድ ሰው ብቻ ቆሟል። ጋሮማ ነው፤ መቼ እንደተነሳ ሽብሩ አላየም።

«ተቀመጥ፣ ጋሮማ» አለው።

«አልጠሩትም፣ ጋሼ» አለ ጋሮማ።

«እንዴት አልጠራሁትም?»

«አልጠሩትም።»

ሽብሩ መዝገቡን መልሶ ከፈተው። ስድስተኛው ስም አለ፤ ከጎኑ ቀይ ምልክት አለ። እጁ ሥራውን ሠርቷል፣ ዓይኑም ሠርቷል። አፉ ግን አልተከፈተም ነበር። አባ ነብዩን ቀና ብሎ አየ፤ አባ ነብዩ አንገታቸውን ነቀነቁ። አልጠራውም።

ውጭ እልልታው አላቆመም፤ ሌሎቹ ሴቶችም ግራ እየገባቸው አብረዋት እልል ማለት ጀምረው ነበር። ለአፍታ አንድ ሐሳብ መጣበት። ዝም ቢልስ? ምልክቱ ተደርጓል፣ መዝገቡ ሞልቷል፣ ከዚህ አዳራሽ ማንም ተነስቶ አይከሰውም። ወደ ቤት አብረው ይሄዳሉ፤ እሷ ዛሬ ማታ ደህና ትተኛለች። ነገ ግን ትነሳና ስልኩን ትደውላለች። ከነገ ወዲያም ትደውላለች፤ ከእንግዲህ ደግሞ እሱ አለ ስላላት ነው የምትደውለው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያውን ውሸት ለእሷ ሊሰጣት ነው።

ያን ጊዜ ‹አባቴ ይጠብቀኛል› ያለው ልጅ ድምፅ፣ ሐሙስ መናኸሪያ ላይ ጽፎት ያለፈው ቃል፣ አሁን ገና ደረሰው። ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ያዘ።

«ራጉኤል ሽብሩ» አለ። አልተሰማም፤ እልልታው ዋጠው። ሰዎቹ ግን አፉን ስላዩ ብዙዎቹ ፊታቸውን ሸፈኑ።

ሁለተኛ መጥራት ነበረበት። የልጁን ስም በእናቱ ደስታ ላይ ጮክ ብሎ መጥራት ነበረበት።

«ራጉኤል ሽብሩ!»

እልልታው መሐል ላይ ተቋረጠ።

«ቀደመን» አለ ጋሮማ። ካለ በኋላም ቆሞ ቀረ፤ «ተቀመጥ» እስኪባል ይጠብቃል። ሽብሩ ግን ያን ቃል አልተናገረም። ብዕሩን ሳይከድን ከመድረኩ ወረደ፣ በሰው መካከል አለፈ፣ ወደ በረንዳው ወጣ።

ሸዋጌጥ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወድቆ ቆማለች። እጇ እንደ እልልታው ገና ወደ አፏ የተነሳ ነው። ፊቷ ላይ ደስታው ገና አልጠፋም ነበር፤ ያ ነው ሽብሩን የገደለው።

«ለምን መጀመሪያ አልጠራኸውም?» አለችው። «አለ ብዬ እኮ... እልል አስባልከኝ እኮ። በልጄ ሞት እልል አስባልከኝ!»

«የጠራሁት መስሎኝ ነው» አላት። እውነቱም ይኸው ነበር።

በሁለት ቡጢዋ ደረቱን መታችው። ደግማ መታችው። እምነት ልትይዛት ስትል ሽብሩ በእጁ ከለከላት። አመመው። አራት ዓመት ሙሉ ምንም ያልተሰማው ሰውዬ፣ አጥንቱ ድረስ አመመው፤ አፉን ከፍቶ በሠላሳ አንድ ዓመት ማንም ሰምቶት በማያውቅ ድምፅ ጮኸ። ሸዋጌጥ መምታቷን ትታ አንገቱን አቀፈችው፤ ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ያን ጊዜ በዛብሽ የምትባል የሰፈራቸው ሴት ወደ በሩ ቀረብ ብላ፣ አንድ ሰው ባጃጅ ይዞ ሄዶ የእድሩን ጡሩምባ ነፊ እንዲጠራ ነገረች።